ያውቁ ኖሯል? ሸራ ዘርግተው ደሴት ለደሴት የሚኖሩ ሰዎች ጉድ!

ያውቁ ኖሯል? ግቢያቸው ውቅያኖስ፣ ጎረቤታቸው ዓሣ ነባሪ የሆነ ቤተሰቦች አሉ! ቤታቸው ብዙ ጊዜ ርዝመቷ አሥራ ሁለት ሜትር እንኳ የማይሞላ ባለ ሸራ ጀልባ ናት። ልጅ ያሳድጉባታል፣ ዳቦ ይጋግሩባታል፣ ትምህርት ያስተምሩባታል! አንዱ ደሴት ሲሰለቻቸው ሸራቸውን ዘርግተው ወደሚቀጥለው ይነጉዳሉ! (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህችን ቤት ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይቀድማታል! በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ከሄደች በደንብ ሄደች ይባላል። ግን ሌሊትም አትቆምም! ስለዚህ በአንድ ቀንና ሌሊት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ትጓዛለች።

ለምን አትቆምም ይሉ ይሆናል። መልህቁ አይደርስማ! የፓሲፊክ ውቅያኖስ ጥልቀት በአማካይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው። የጀልባዋ የመልህቅ ሰንሰለት ደግሞ መቶ ሜትር ከሞላ ብዙ ነው! ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ በተራ ይጠብቃሉ። ብቻቸውን የሚጓዙትስ? ሃያ ደቂቃ ተኝተው ይነሳሉ፣ ዙሪያውን ይቃኛሉ፣ እንደገና ሃያ ደቂቃ ይተኛሉ። ለሳምንታት እንዲህ ነው! ለምን ሃያ ብቻ? ከአድማስ ብቅ ያለ ትልቅ መርከብ እላያቸው ላይ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከዚያ ብዙም ስለማይበልጥ ነዋ!

ምድጃቸው ይወዛወዛል! ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ስትጋደም ድስቱ እንዳይደፋ ምድጃው በሁለት ጎኑ ተንጠልጥሎ ይሠራል። ግድግዳው ያዘመመበት ቤት ውስጥ ድስቱ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቆማል!

እንቁላል ያለ ፍሪጅ ለሳምንታት እንደሚቆይስ ያውቁ ኖሯል? ያልታጠበ መሆን አለበት። ቅርፊቱን ቫዝሊን ይቀቡታል፣ በየጥቂት ቀኑም ይገለብጡታል። በቃ! ካርቶን ግን ጀልባው ላይ አይወጣም፤ የበረሮ እንቁላል ተጣብቆበት ሊመጣ ይችላላ! ወደብ ላይ ካርቶኑ ይጣላል፣ ዕቃው ብቻ ይገባል።

ሙዝ በዘለላ ገዝተው ከኋላ በኩል ይሰቅላሉ። ለሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ይበስላል! ቁርስ ሙዝ፣ ምሳ ሙዝ፣ እራት ሙዝ!

ሰውነታቸውን የሚታጠቡት በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ነው! ተራው ሳሙና በጨው ውኃ አረፋ አይወጣውም፤ የዕቃው ግን ይኩረፈረፋል። ታጥበው ሲጨርሱ በአንዲት ጣሳ ንጹሕ ውኃ ይለቃለቃሉ። ዝናብ ከመጣማ ሠርግና ምላሽ ነው፤ ሸራውን ወጥረው ውኃ ያጠራቅማሉ!

መብረቅ ሲያስፈራራ ስልካቸውንና የአቅጣጫ መሣሪያቸውን የት እንደሚደብቁ ይገምቱ። ዳቦ መጋገሪያው ውስጥ! የብረት ሳጥን የኤሌክትሪኩን ጉልበት ወደ ውስጥ አያስገባም ይላሉ። ብቻ ምድጃውን ከመለኮስ በፊት ማየት ነው!

አንድ አገር ወደብ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሰቅሉት ቢጫ ባንዲራ ነው። በመርከበኞች ቋንቋ «ጤነኞች ነን፣ እንግባ?» ማለት ነው! ፈቃድ እስኪያገኙ ማንም ከጀልባው አይወርድም። ቀጥሎ የአገሩን ባንዲራ ይሰቅላሉ። ስለዚህ ጀልባዋ ውስጥ የብዙ አገር ባንዲራ የሞላበት መሳቢያ አለ፤ አንዳንዶቹ ጉዞ ላይ ሳሉ በእጃቸው የሰፏቸው ናቸው!

የዚህ ሁሉ ኑሮ አባት ጆሹዋ ስሎከም ይባላል። ዓለምን በጀልባ ብቻውን በመዞር የመጀመሪያው ሰው ነው! የ51 ዓመት ሰው ሳለ በ1895 ከቦስተን ተነሳ፣ በ1898 ተመለሰ። ጀልባውን የሠራው ሜዳ ላይ ተጥላ ከነበረች አሮጌ ጀልባ ነው። ወጪው 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም! እና ዋና አይችልም ነበር!

ሰዓቱስ? መስተዋቱ ስለተሰነጠቀ በአንድ ዶላር የተሸጠለት የቆርቆሮ ሰዓት! በዚያ ነው ውቅያኖስ ያቋረጠው። የጀልባዋን መሪ በገመድ አስሮ ገብቶ ያነብ ነበር። ከአውስትራሊያ ጫፍ እስከ ኪሊንግ ደሴቶች 2,700 የባሕር ማይል በ23 ቀን ሲጓዝ መሪውን በእጁ የያዘው ከሦስት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ነበር!

ሌላም አለ! በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዘራፊዎች ሌሊት እንዳይወጡበት የጀልባውን ወለል በሹል ሚስማር ሞላውና ተኛ። ባዶ እግራቸውን የመጡት እየጮኹ ባሕር ውስጥ ዘለሉ! ሳሞአ ሲደርስ የደራሲው ሮበርት ሉዊ ስቲቨንሰን ባለቤት የባሏን የባሕር ጉዞ መጻሕፍት ሰጠችው። በደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ክሩገርን ሲያገኝ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ዓለምን መዞር አይቻልም ብለው ተከራከሩት። ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው ያምኑ ነበርና!

ቅድስት ሄለና ደሴት ላይ ፍየል ተሰጠው። ፍየሏ ገመዱን በላች። ባርኔጣውን በላች። የካሪቢያን ደሴቶችን ካርታ እንኳ በላች! አሴንሽን ደሴት ላይ አወረዳትና ያለ ካርታ ቀጠለ። በኔ ግምት ከማዕበሉ ሁሉ የከፋችው ጠላቱ እሷ ናት!

ከካናሪ ደሴቶች ወደ ካሪቢያን የሚሻገሩ መርከበኞች የድሮው መመሪያ ምን እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ቅቤው እስኪቀልጥ ድረስ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ መታጠፍ! ቅቤው ከቀለጠ ዓመቱን ሙሉ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ደርሷል ማለት ነው። መንገዱ ዛሬም ያው ነው፤ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጃል።

አሁን ይቀመጡ! በዚሁ መንገድ አትላንቲክን አቋርጦ ባርቤዶስ ደሴት የደረሰ አንድ ጀልባ ከጣና ሐይቅ በተቆረጠ ደንገል የተሠራ ነበር! አዎ፣ ከኛው ጣና! ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ ነበር አለ። ሳቁበት። እሱም ደንገሉን ከጣና አስጭኖ ግብፅ ወሰደው። በጊዛ ፒራሚዶች ሥር፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ጀልባ ሠሪዎች እጅ፣ «ራ» የተባለችው ጀልባ ተሠራች!

በ1969 ከሞሮኮ ተነሳች። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ተጓዘች። ከዚያ ኋላዋ በውኃ ርሶ ተፈታ፤ ጥለዋት ወጡ! ሄየርዳል ተስፋ ቆረጠ? ምን ቆርጦ! በሚቀጥለው ዓመት እንደገና የጣና ደንገል! በዚህ ጊዜ ጀልባ ሠሪዎቹ ከቦሊቪያው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች! በባሕር ዳር ታንኳ ቀዛፊዎች ዘንድ ለዚህ ነገር አንድ ሐውልት ቢቆም አይበዛም ባይ ነኝ!

ዶሮ ይዞ አትላንቲክን የተሻገረም አለ! ፈረንሳዊው ጊሬክ ሱዴ ከካናሪ ወደ ካሪቢያን ሲሻገር ሞኒክ የተባለች ዶሮው በማዕበል መሐል እንቁላል ትጥል ነበር። በኋላም ግሪንላንድ ድረስ ሄዱ፤ በበረዶ ተከበው በከረሙበት ወቅት ከመቶ በላይ ጣለችለት!

ሁጎ ቪህለን የተባለ አሜሪካዊ በ1993 አትላንቲክን የተሻገረበት ጀልባ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ63 ሳንቲም ነበር። ከብዙ ሰው ቁመት ያነሰ! 105 ቀን ፈጀበት። እግሩን የት ዘርግቶ እንደተኛ እግዜር ይወቅ!

የፓናማን ቦይ ከአትላንቲክ ወደ ፓሲፊክ ሲያቋርጡ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚሄዱ ይገምቱ። ወደ ምዕራብ? አይደለም! ወደ ደቡብ ምሥራቅ! ፓሲፊክ ላይ የሚወጡበት ጫፍ ከአትላንቲኩ መግቢያ በምሥራቅ በኩል ይገኛል። ጀልባቸውም ተራራ ትወጣለች፤ ውኃው 26 ሜትር ሽቅብ ያነሳታል! በ1928 ሪቻርድ ሃሊበርተን የተባለ ሰው ቦዩን በዋና አቋረጠ። እንደ መርከብ ተመዝኖ ቀረጥ ተጠየቀ፤ 36 ሳንቲም ከፈለ!

በፓናማ ሰሜናዊ ዳርቻ የጉና ሕዝብ ደሴቶች አሉ፤ ከ300 በላይ ናቸው። እዚያ መሬት ላይ ወድቆ ያገኙትን ኮኮናት እንዳያነሱ! እያንዳንዱ ኮኮናት ባለቤት አለው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ኮኮናት ገንዘብ ነበርና!

በጋላፓጎስ፣ ፍሎሪያና ደሴት ላይ፣ ቴምብር የማይጠይቅ ፖስታ ቤት አለ። ፖስታ ቤቱ በርሜል ነው! ደብዳቤዎን ይከታሉ፤ ከተከማቸው ውስጥ ደግሞ ለሰፈርዎ የሚቀርበውን መርጠው ይወስዳሉ፣ አገርዎ ሲገቡም በእጅዎ ያደርሳሉ። የዓሣ ነባሪ አዳኞች የጀመሩት ነው፤ ከ200 ዓመት በኋላም ይሠራል!

ከዚያ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች 5,500 ኪሎ ሜትር! መሐሉ ላይ አንዲት ድንጋይ እንኳ የለችም!

ቁርስ ግን ከሰማይ ይወርዳል! በራሪ ዓሦች ሌሊት እየዘለሉ ወለሉ ላይ ያርፋሉ፤ ጠዋት ለቅሞ መጥበስ ነው። አንዱ በራሪ ዓሣ 45 ሰከንድ አየር ላይ ቆይቶ በካሜራ ተቀርጿል። ስኩዊድም ይበርራል! ጀልባው ላይ ወድቆ ቀለሙን ይረጭና ሸራውን ያበላሻል።

ከጀልባው በላይ የምታንዣብበው ፍሪጌት የተባለችው ወፍስ? የባሕር ወፍ ሆና ውኃ ላይ ማረፍ አትችልም! ላባዋ ይርሳላ! እስከ ሁለት ወር ሳታርፍ ትበርራለች። የምትተኛውም እየበረረች ነው፤ በቀን 42 ደቂቃ ያህል ብቻ!

አደጋም አለ እንጂ! በ1972 የሮበርትሰን ቤተሰብ ጀልባ ከጋላፓጎስ በስተምዕራብ በገዳይ ዓሣ ነባሪዎች ተመታች። በደቂቃዎች ሰመጠች! አምስቱ የቤተሰቡ አባላትና አንድ ወጣት እንግዳ በነፍስ አድን ታንኳ ወጡ። ታንኳው በ17ኛው ቀን ፈረሰ። ስድስቱም ሦስት ሜትር በማትሞላ ትንሽ ጀልባ ተጨናንቀው ቀጠሉ! የኤሊ ሥጋ በሉ፣ የኤሊ ደም ጠጡ። እናቲቱ ነርስ ነበረች፤ ለአፍ የማይሆነውን ቆሻሻ የዝናብ ውኃ በታች በኩል በቱቦ ሰጠቻቸው! በ38ኛው ቀን የጃፓን ዓሣ አስጋሪዎች አነሷቸው። ስድስቱም በሕይወት!

ይህ ረጅም መሰልዎት? በሚቀጥለው ዓመት ሞሪስና ማራሊን ቤይሊ የተባሉ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ጀልባቸው እዚያው አካባቢ በዓሣ ነባሪ ተመታባቸው። 117 ቀን ተንሳፈፉ! መንጠቆአቸው የመርፌ ቁልፍ ነበር። ማራሊን ከወረቀት ካርታ ሠርታ ይጫወቱ ነበር። የሚቀጥለውን ጀልባቸውንም ዲዛይን አወጡ! አንድ የኮሪያ መርከብ ካዳናቸው በኋላ ምን አደረጉ? ሌላ ጀልባ ሠርተው ወደ ባሕር ተመለሱ!

ስቲቨን ካላሃን ደግሞ በ1982 አትላንቲክ ላይ ብቻውን 76 ቀን ቆየ። ከታንኳው ሥር የዓሣ መንጋ ተከትሎት ሄደ፣ ዓሣውን ወፎች ተከተሉ፣ ወፎቹን ያዩ የማሪ ጋላንት ደሴት ዓሣ አጥማጆች ደረሱ። እነሱ የመጡት ዓሣ ፍለጋ ነበር፤ ሰው አገኙ!

የወረቀት ካርታና ኮምፓስ የሌላቸው ሕዝቦች ግን ከነዚህ ሁሉ በፊት ፓሲፊክን ጓዳቸው አድርገውት ነበር! የማርሻል ደሴቶች ሰዎች የባሕር ካርታ ከእንጨት ስንጥርና ከዛጎል ይሠራሉ። ስንጥሩ ሞገድ ነው፣ ዛጎሉ ደሴት ነው። ካርታውን ግን ይዘውት አይሄዱም! ቤት ውስጥ አጥንተው፣ በቃላቸው ይዘው ይነሳሉ።

በ1976 ማው ፒያይሉግ የተባለ የሳታዋል ደሴት ሰው «ሆኩሌአ» የተባለችውን ጥንድ ታንኳ ከሃዋይ እስከ ታሂቲ ያለ አንዳች መሣሪያ መራ። በከዋክብት፣ በሞገድ፣ በወፍ! አንድ ወር ገደማ ፈጀ። ፓፔቴ ወደብ ላይ 17,000 ሰው ወጥቶ ተቀበላቸው!

ታሂቲ ላይ ባሕሩ ሰዓት ያከብራል! በአብዛኛው ዓለም የባሕሩ ሙላት ጨረቃን እየተከተለ በየቀኑ ይዘገያል። ታሂቲ ላይ ግን ሁልጊዜ እኩለ ቀንና እኩለ ሌሊት አካባቢ ይሞላል! እዚያ የጨረቃዋ ጉልበት ደክሞ የፀሐይዋ ስለሚያይል ነው።

በ1768 የፈረንሳዩ ቡጋንቪል መርከቦች ታሂቲ ሲደርሱ ዣን ባሬ የተባለች ሴት የወንድ ልብስ ለብሳ ተሳፍራ ነበር። ታሂቲዎች ገና ሲያዩዋት ሴት ናት አሉ! ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ፈረንሳዊው ቤርናር ሞአቴሲዬ በ1969 ዓለምን ያለ ማቋረጥ የመዞር ውድድር ላይ ነበር፤ የማሸነፍም ዕድል ነበረው። ዞሮ መግባት ሲገባው ግን ጉዞውን ቀጥሎ ታሂቲ ወረደ! ውድድሩን መተዉን ያሳወቀው እንዴት ነው? መልእክቱን በወንጭፍ ወደ አንድ መርከብ ወርውሮ!

ቶም ኒል የተባለው የኒው ዚላንድ ሰው ደግሞ ሱዋሮው በምትባል ደሴት ላይ በተለያየ ጊዜ በድምሩ 16 ዓመት ያህል ብቻውን ኖረ። በ1954 ጀርባው ተቀስፎ መንቀሳቀስ አቃተው። ከቀናት በኋላ ሁለት አሜሪካውያን በጀልባ በአጋጣሚ ደርሰው አዳኑት። ተሻለውና... ተመለሰ!

ደራሲው ስቲቨንሰን ሳሞአ ሳለ የልደት ቀኑን ለአንዲት ልጅ በስጦታ ሰጠ! ልጅቱ የተወለደችው ገና ዕለት ስለነበር የራሷ ልደት ተውጦ ቀረ። እሱም በ1891 በሕጋዊ ሰነድ የራሱን ቀን አስተላለፈላት።

ያቺው ሳሞአ 2011 ላይ አንድ አርብ ሰረዘች! ሰዎች ሐሙስ ማታ ተኝተው ቅዳሜ ጠዋት ተነሱ። ዲሴምበር 30 የሚባል ቀን አልነበረም! አጠገቧ ያለችው አሜሪካን ሳሞአ ዛሬም 24 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሳሞአ ላይ ልደትዎን ያክብሩ፣ በጀልባ ይሻገሩ፣ በማግስቱ እንደገና ያክብሩ!

ኒዌ ደሴት ላይ ጀልባ የሚያስጠጉበት ወደብ የለም። ስለዚህ ወደ የብስ የምታመጣዎትን ትንሿን ጀልባ በክሬን አንጠልጥለው መድረኩ ላይ ያስቀምጧታል! ቫኑዋቱ ላይ ደግሞ ባሕር ውስጥ፣ ሦስት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ፖስታ ቤት አለ! ውኃ የማያርሰው ፖስትካርድ ይዘው ይጠልቃሉ።

በያፕ ደሴት ባህላዊው ገንዘብ ድንጋይ ነው! ትልቁ ከሦስት ሜትር ተኩል በላይ ስፋት አለው። ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኘው ከፓላው ፈልፍለው በባሕር ያመጡት ነበር። አንዱ ድንጋይ ማዕበል ገልብጦት ባሕር ውስጥ ሰመጠ። ባለቤቱ ከሰረ? በፍጹም! ሁሉም እዚያ ታች እንዳለ ስለሚያውቅ እንደ ሀብት ተቆጠረለት!

የፊጂ መንደር ሲደርሱ ባዶ እጅዎን እንዳይሄዱ! የያንጎና ሥር ለመንደሩ አለቃ ያቀርባሉ። ተወቅጦ፣ በውኃ ተጨምቆ ይጠጣል። ከንፈርዎ ይደነዝዛል! ኮፍያና የፀሐይ መነጽርዎንም ያውልቁ፤ ነውር ነው።

የሚበሉትን ዓሣ ይጠንቀቁ! በኮራል አካባቢ የሚኖሩ አንዳንድ ትላልቅ ዓሦች ሲጓቴራ የሚባል መርዝ ይይዛሉ። ቢቀቅሉት አይጠፋም፣ ቢጠብሱት አይጠፋም። የታመመ ሰው ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ያቃጥለዋል! በካሪቢያን ዳርቻ ደግሞ ማንቺኒል በሚባል ዛፍ ሥር ከዝናብ አይጠለሉ፤ ከቅጠሉ የሚንጠባጠበው ውኃ ቆዳ ያቆስላል!

አራት ኪሎ የሚመዝን ሸርጣን ዛፍ ወጥቶ፣ ኮኮናት ሰብሮ ይበላል። ውኃ ውስጥ ቢጥሉት ግን ሰምጦ ይሞታል! የሚተኙበት ነጭ አሸዋስ? ብዙው ፓሮት የተባለው ዓሣ ኮራል በልቶ ያወጣው ኩስ ነው! ይቅርታ፣ እውነቱ ይህ ነው።

ኬንኢቺ ሆሪዬ በ1962 ከጃፓን ሳን ፍራንሲስኮ ብቻውን ሲገባ ፓስፖርት አልነበረውም። ታሰረ! ከንቲባው ግን አስፈትተው የከተማዋን ቁልፍ ሰጡት። በ2022፣ በ83 ዓመቱ፣ ያንኑ ውቅያኖስ በተቃራኒ አቅጣጫ ብቻውን ተሻገረ!

ታኒያ ኤቢ 18 ዓመት ሲሞላት የኒው ዮርኩ አባቷ ምርጫ ሰጣት፤ ወይ ኮሌጅ፣ ወይ ጀልባ! ጀልባዋን ወሰደች። ዓለምን ዞራ በ1987 ገባች። ላውራ ዴከር ደግሞ ጉዞዋን በሆላንድ ፍርድ ቤት ብትታገድም ተከራክራ ወጣች፤ በ2012፣ በ16 ዓመቷ፣ ዓለምን ጨርሳ ዞረች!

አውሎ ነፋስ የምድር ወገብን አያቋርጥም! ከሰሜን ያለው ወደ ግራ ይሽከረከራል፣ ከደቡብ ያለው ወደ ቀኝ፤ ስለዚህ ጀልበኞች ወራቱ ሲደርስ ወደ ምድር ወገብ ይሸሻሉ። ግሬናዳ ከአውሎ ነፋሱ መንገድ ውጪ ናት ተብላ ትታመን ነበር። በ2004 ግን «አይቫን» መጣና ለመሸሸግ የተሰበሰቡትን ጀልባዎች ከመራቸው!

ፊጂ ላይ የተገኘው መላ ይበልጣል። መሬት ይቆፍራሉ፣ ጀልባዋን እስከ ሆዷ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ያቆማሉ፣ ግራ ቀኝ ጎማ ይሸጉጡና በገመድ ከመሬት ጋር ያስሯታል! ከየብስ የሸሸችው ጀልባ ነፋሱ እስኪያልፍ እንደ ዛፍ ተተክላ ትከርማለች!

ከሳምንታት ጉዞ በኋላ እግራቸው የብስ ሲረግጥስ ምን ይሆናሉ? መሬቱ ይወዛወዝባቸዋል! ግድግዳ ይዘው የሚሄዱ አሉ፤ ባሕር ላይ አንድም ቀን ያላቅለሸለሻቸው ሰዎች ወደቡ ላይ ያቅለሸልሻቸዋል!